የዱር እንስሳ ፎቶ ውድድር ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ካሜራ ከያዝክ ሁለት ዓመትህ ነው፣ ባሌ ሄደህ ያነሳኸው የቀይ ቀበሮ ፎቶ አለ፣ እና የውጭ ውድድር ልላከው ወይስ ብሬን ነው የምጥለው ነው ያልከው አይደል። እኔ እንጀራዬ ሰርግ ነው፣ የዱር እንስሳው በትርፍ ሰዓቴ ነው፣ ግን ውድድር ላይ ፎቶ እየላክሁ ስወድቅ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ዘንድሮ አንዱ ፎቶዬ የመጨረሻውን ዙር አልፎ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቅሎልኛል፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ፣ ከረዘመብህ ታገሰኝ።

ቀበሮዋ ብርቅ ስለሆነች ብቻ አታሸንፍም። እኔም እንዳንተ ነበር የማስበው፣ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው፣ ይቺን አንስቼ ማን ይበልጠኛል ብዬ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቆማ ካሜራ የምታይ ቀበሮ ላክሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለተሳተፉ እናመሰግናለን ምናምን የምትል ኢሜይል መጣችልኝ። እነዚያ ዳኞች እኮ እንደሱ ዓይነቱን አይተው አይተው ሰልችቷቸዋል። የለንደኑ ናቹራል ሂስትሪ ሙዚየም የሚያዘጋጀው፣ በፈረንጆቹ ከ1965 ጀምሮ ያለው ትልቁ ውድድር በዓመት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ፎቶ ይገባለታል፣ ለኤግዚቢሽን የሚመረጠው 100 ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉት ልጆች ምድብ ያሸነፈው ፎቶ የት እንደተነሳ ታውቃለህ? እዚሁ ሰሜን ተራሮች! አንድ ጣሊያናዊ ልጅ ገና ሳይነጋ ገደሉ አናት ላይ ሆኖ ጠብቆ፣ ልጇ ሆዷ ላይ የተለጠፈባትን ጭላዳ አነሳ። ጭላዳ እኮ ነው! እዚያ አካባቢ ያለ ገበሬ ገብሴን ፈጀብኝ ብሎ በድንጋይ የሚያባርረው ጭላዳ። እኔ ያንን ሳይ ነው የነቃሁት።

ዘንድሮ ያለፈልኝ ፎቶ ላይ የቀበሮዋ ፊት እንኳ አይታይም። ጥር ላይ እዚያው ባሌ፣ ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ ነው፣ ከጎባ በሌሊት ወጥቼ ውርጩ ላይ በሆዴ ተኝቼ ሁለት ሰዓት ያህል ስጠብቅ ባትሪው በብርዱ እየሞተ ስላስቸገረኝ ትርፉን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ነበር፣ ቀበሮዋ ፍልፈሉ ጉድጓድ ላይ ድርቅ ብላ ቆየችና ድንገት ዘላ ጭንቅላቷን ከተተችው፣ የሚታየው ጭራዋ፣ የኋላ እግሯ፣ ወደ ላይ የተበተነ አፈርና አጠገቧ ምንም እንዳልተፈጠረ የቆመች ትንሽ ወፍ ነው። ልሰርዛት ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ባለቤቴ ናት ይቺማ ታስቃለች ተዋት ያለችኝ።

መሰረዝ ካልኩ አይቀር የሚያቃጥለኝን ልንገርህ። በአራተኛው ዓመት ሁለተኛው ዙር ደርሼ ነበር፣ ራው ፋይሉን፣ ማለት ካሜራው ያስቀመጠውን ያልተነካ ዋናውን ፋይል ላክ አሉኝ፣ የለም! የሰርግ ሰሞን ሃርድ ዲስኩ ሲሞላብኝ ጄፔጉ ይበቃል ብዬ ራዉን በሙሉ አጥፍቼዋለሁ። በቃ ወጣሁ፣ ማንንም አልወቅስም፣ የራሴ ጅልነት ነው። ራው የሚጠይቁት ዝም ብለው አይደለም፣ የሚያጭበረብር ስላለ ነው። የለንደኑ ውድድር ላይ በፈረንጆቹ 2009 አጥር እየዘለለ የተነሳ ተኩላ አሸንፎ ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሽልማቱ ተነጥቋል፣ በ2018 ደግሞ ብራዚል የተነሳ ጉንዳን በሊታ የሚባል እንስሳ በሕይወት ያለ ሳይሆን ሞቶ የደረቀ ማሳያ ነው ተብሎ ከአሸናፊነት ወርዷል። ስለዚህ ሥጋ ወርውረህ ስበህ ካነሳሃት፣ ወይ ሽቦና የመኪና ጎማ በኤዲት ካጠፋህ፣ ባትልከው ይሻልሃል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ነፃ የሆኑም አሉ፣ የሚያስከፍሉት ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ እኔ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኛለች፣ እዚህ ስትመጣ ቡናና በርበሬ አሸክማታለሁ። ገንዘብ ታገኝበታለህ ወይ ላልከው፣ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለካላንደር ሦስት ፎቶ ገዝቶኛል፣ ከሱ ይልቅ የጠቀመኝ ግን ሰርግ ነው ብልህ ትስቃለህ፣ ሙሽሮች ተሸላሚ ፎቶግራፈር ነው ብለው ይመጣሉ፣ ኧረ አልተሸለምኩም ብል ማን ይሰማኛል።

አሁን ፎቶህን ክሮፕ ሳታደርግ፣ ማለት ዳሩን ሳትቆርጥ፣ እዚህ ለጥፈውና እንየው። ራዉ አለህ ግን?