ለባዮኢንፎርማቲክስ ምርምር የመንግሥት ገንዘብ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዘረመል ዳታን በኮምፒውተር መተንተን ነው፤ ባዮኢንፎርማቲክስ የሚባለው ይህ ነው። የእኔም፣ የተማሪዎቼም ደመወዝ፣ የሰርቨሩም ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በመንግሥት ግራንት፣ ማለትም በማይመለስ የምርምር ድጋፍ ነው። ለዓመታት ፕሮፖዛል ጽፌያለሁ፤ የሌሎችንም ገምግሜያለሁ። “ስለ ገንዘቡ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ” ካልኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የአዋጅ ቁጥር ላይ ብቻ የእኛውን ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ገንዘቡን የሚሰጠው ማነው? መንግሥትስ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ባዮሎጂ ለምን ይከፍላል?

ትልቁ ከፋይ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ነው፤ ሁላችንም ኤንአይኤች እንለዋለን። በሥሩ 27 ተቋማትና ማዕከላት አሉት። በቅርብ ዓመታት በጀቱ ከ45 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ግቢው ውስጥ አይቀርም፤ በየዩኒቨርሲቲውና በየምርምር ማዕከሉ ላሉ ሰዎች ይሄዳል። የእኛን ሙያ በብዛት የሚደግፉት የጂኖም (የአንድ ፍጡር ሙሉ የዘረመል መረጃ) ተቋሙ፣ የጠቅላላ ሕክምና ሳይንስ ተቋሙና የሕክምና ቤተ መጻሕፍቱ ናቸው። ከጤና ውጭ ላለው፣ ማለትም ለዕፅዋት፣ ለነፍሳት፣ ለዝግመተ ለውጥ፣ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን አለ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። “የሰው ጂኖም በሙሉ ይነበብ” የሚለውን ሐሳብ በ1986 ከገፉት መካከል ግንባር ቀደሙ ይህ መሥሪያ ቤት ነበር። ነገሩ ከአቶም ቦምብ ጋር ይያያዛል። ጨረር የሰውን ዲኤንኤ ምን እንደሚያደርገው የማጥናት ኃላፊነት ነበረበት። የጂኖም ፕሮጀክቱ በ1990 ተጀምሮ በ2003 ተጠናቀቀ። ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል።

ለምን ይከፍላል ለሚለው አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1971 ብሩክሄቨን በሚባል ብሔራዊ ላቦራቶሪ የፕሮቲን ቅርጾች መዝገብ ተከፈተ። ፒዲቢ ይባላል። ሲጀመር የያዘው 7 ቅርጽ ብቻ ነበር። መንግሥት ግን በየዓመቱ ከፈለው። ተመራማሪዎች በየላቦራቶሪው የደከሙበትን ቅርጽ እያመጡ አስቀመጡበት፤ ማንም በነፃ ይወስዳል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አልፋፎልድ የተባለው የኤአይ ፕሮግራም የፕሮቲንን ቅርጽ መተንበይ የተማረው ከዚሁ መዝገብ ነው። ፕሮግራሙን የመሩት ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ከነደፈው ከዴቪድ ቤከር ጋር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰዱ። ሽልማቱ ይገባቸዋል። ለሃምሳ ዓመት መዝገቡን የጠበቁት ሰዎች ግን ከልቤ አይወጡም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ገንዘብ ከግል ኩባንያ ማግኘት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር መምህር ነኝ። እዚሁ ሆኜ ለኤንአይኤች ማመልከት እችላለሁ ወይስ አሜሪካዊ አጋር የግድ ነው?

ይችላሉ፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የሚያመለክተው ግለሰብ አይደለም፤ ተቋም ነው። ገንዘቡም ለእርስዎ ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲዎ ነው የሚላከው። አር01 ለሚባለው ዋናው ግራንት የመሪ ተመራማሪው ዜግነት አይጠየቅም። የውጭ ተቋም ማመልከት መቻል አለመቻሉ ግን በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ተጽፏል። ከሁሉ በፊት እሱን ያንብቡ።

ሰው የሚሸነፈው ሳይንሱ ላይ ሳይሆን ምዝገባው ላይ ነው። ተቋምዎ በአሜሪካ መንግሥት የተቋማት መዝገብ መግባትና መለያ ቁጥር ማግኘት አለበት። ከዚያ በኤንአይኤች የራሱ ሥርዓት ላይ እንደገና ይመዘገባል። ይሄ ሳምንታት ይወስዳል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። አንድ ወዳጄ አገር ቤት ሆኖ ስምንት ወር የደከመበትን ፕሮፖዛል በመጨረሻው ቀን ሊልክ ሲል የተቋሙ ምዝገባ ከሦስት ሳምንት በፊት ማለፉን አወቀ። የሚያድሰው ሰው ሥራ ለቆ ነበር። የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄዷል። በዚያ ምሽት ስልክ ላይ ዝም አለኝ፤ እኔም የምለው አጣሁ። ስለዚህ ዛሬውኑ የምርምር ጽሕፈት ቤታችሁን “ምዝገባችን መቼ ያልፋል?” ብለው ይጠይቁ።

ስለ አሜሪካዊ አጋር፦ ቀድሞ የተለመደው መንገድ አሜሪካዊው ዋናውን ይወስድና ከእሱ ላይ ለእርስዎ ይቆርስልዎት ነበር። በግንቦት 2025 ኤንአይኤች እንዲህ ያለውን ወደ ውጭ የሚቆረስ ገንዘብ በቀድሞው አሠራር እንደማይፈቅድና አዲስ አደረጃጀት እንደሚያመጣ አስታወቀ። አጋርዎ “እንደ ድሮው እናደርገዋለን” ካለዎት፣ ወቅታዊውን መመሪያ አብራችሁ ከፍታችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ኤችስሪአፍሪካ አለቀ ይባላል። ለእኛ ምን አተረፈ?

አዎ፣ በአፍሪካ የጂኖምና የጤና ምርምርን የደገፈው ይህ ፕሮግራም ከ2012 እስከ 2022 አሥር ዓመት ሠርቶ አልቋል። የከፈሉት ኤንአይኤችና የእንግሊዙ ዌልካም ትረስት ናቸው። ዌልካም መንግሥት አይደለም፤ በጎ አድራጊ ድርጅት ነው። ከፕሮግራሙ ለእኛ ሙያ የቀረው ትልቁ ነገር ኤችስሪኤባዮኔት የተባለው የአፍሪካ ባዮኢንፎርማቲክስ መረብ ነው። የመራችው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲዋ ኒኮላ ሙልደር ናት። መረቡ የመግቢያ ኮርስ በየአገሩ ባሉ የመማሪያ ክፍሎች በርቀት ይሰጥ ነበር። አሁን አፍሪካ ላይ ዳታ የሚተነትኑ ስንት ወጣቶች ሀ ሁ ብለው የጀመሩት እዚያ ነው። በ2021 ደግሞ ኤንአይኤች ለአፍሪካ የዳታ ሳይንስ ሌላ ፕሮግራም ጀምሯል፤ ዲኤስአይ አፍሪካ ይባላል።

ከዚህ ፕሮግራም ውጭ ግን በጣም የምወደው ምሳሌ አለ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ሲያርሱ የኖሩ ሰዎችን የሚይዘውን የእግር እብጠት ታውቁታላችሁ፤ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። አንድ ማሳ ላይ አብረው ያረሱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ አይታመምም። ለምን? በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ጂኖማቸውን አነጻጽረው መልስ አገኙ። ልዩነቱ የሰውነትን መከላከያ የሚቆጣጠረው ኤችኤልኤ የሚባለው የዘረመል ክፍል አካባቢ ነው። ከተመራማሪዎቹ መካከል የኤንአይኤች የጂኖም ተቋም ሰዎች ነበሩበት። አራት መቶ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው። ግን ጥያቄው ከዚያ አፈር የተነሳ ነበር፤ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ሊጠይቀው የሚችል ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ አልጎሪዝም ሠርቼ ፕሮፖዛል ብጽፍም ሁለቴ ወደቀ። ከነበሩት ይፈጥናል። ችግሩ ምንድነው?

እኔም የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ለውይይት እንኳ ሳይቀርብ ነው የወደቀው፤ ስለዚህ ሕመሙን አውቀዋለሁ።

አሠራሩን ልንገርህ። ፕሮፖዛልህ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ገምጋሚዎች ይሰጣል። ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጡታል፤ ጥሩው 1 ነው። ደካማ ነጥብ ያገኙት፣ ግማሽ ያህሉ፣ ስብሰባው ላይ አይነሱም። ከሦስቱ አንዱ ምናልባት የኮምፒውተር ሰው ነው። ሌሎቹ ባዮሎጂስት ወይም ሐኪም ናቸው። ማታ ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ ከሰባት ስምንት ፕሮፖዛል መካከል የአንተን ያነሳሉ። መጀመሪያ የሚያዩት አንዷን የዓላማ ገጽ ነው። እዚያ ላይ ካጣኻቸው የዋናው ጽሑፍ 12 ገጽ አይመልሳቸውም።

ብዙ ጊዜ የማየው መክፈቻ ይሄ ነው፦ “ዓላማችን የዲኤንኤ ንባቦችን በፍጥነት የሚተነትን አዲስ አልጎሪዝም መሥራት ነው።” ገምጋሚው “እሺ፣ ከዚያስ?” ይላል። አሁን ይሄን እይ፦ “አንድ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ በሁለት የወባ ዝርያዎች ሲያዝ፣ መድኃኒት የሚቋቋመው የትኛው እንደሆነ ከተደባለቀው ዲኤንኤ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ይህን የሚለይ ዘዴ እንሠራለን።” አልጎሪዝሙ ያው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ላይ ግን ሰው አለ፣ በሽታ አለ፣ የጎደለ ነገር አለ። መንግሥት ገንዘቡን የሚሰጠው ለኮዱ አይደለም፤ ኮዱ ለሚፈታው የሕይወት ጥያቄ ነው። ፍጥነት ዋና ነገር የሚሆነው ያለ እሱ የማይመለስ ጥያቄ ሲኖር ነው።

አንድ መልካም ዜናም አለ። ከጥር 2025 ጀምሮ ቁጥር የሚሰጠው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለምርምሩ አስፈላጊነትና ለአሠራሩ ጥንቃቄና ተግባራዊነት። የአመልካቹ ችሎታና የተቋሙ አቅም “ይበቃል” ወይም “አይበቃም” ይባላል እንጂ ነጥብ አይሰጠውም። ስመ ጥር ካልሆነ ተቋም ለምናመለክት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራም ኦፊሰር ጋ መጻፍ እንደ ደጅ ጥናት አይቆጠርብኝም?

በፍጹም አይቆጠርብሽም! ፕሮግራም ኦፊሰሮች በየተቋሙ ግራንቶቹን የሚከታተሉና አመልካቾችን የሚያማክሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ሥራቸው ነው። እኛ አስተዳደጋችን ሆኖ ባለሥልጣን ማስቸገር ያሳፍረናል። አንድ ገጽ ዓላማሽን አያይዢና “ይህ ለእናንተ ተቋም ይስማማል ወይ?” ብለሽ በአምስት መስመር ጻፊ። በሁለት ሳምንት ካልመለሱ በትሕትና አስታውሻቸው። “ይሄ ለእኛ አይሆንም፣ ወደዚያኛው ላኪው” የምትል መልስ አንድ ዓመት ታተርፍልሻለች። ከመጻፍሽ በፊት ግን ሪፖርተር የሚባለውን የኤንአይኤች የግራንት መዝገብ ፈትሺ። ጋዜጣውን አይደለም። ማን ለምን ስንት እንደተሰጠው ለሕዝብ ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮፖዛሉን በቻትጂፒቲ ብጽፈውስ?

ተው። ከመስከረም 25፣ 2025 ጀምሮ ኤንአይኤች በአብዛኛው በኤአይ የተጻፈ ማመልከቻ አይቀበልም። አንድ ተመራማሪ በዓመት የሚያስገባውም በስድስት ተገድቧል። ሰዋስው ለማቃናት መጠቀም ሌላ ነገር ነው። ሐሳቡ ግን ያንተ ይሁን።

ጥያቄ፦ ፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፣ ግሪን ካርድ የለኝም። ምን ይቀረኛል?

የሳይንስ ፋውንዴሽኑ የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የኤንአይኤች የማሠልጠኛ ግራንቶችም በአብዛኛው እንደዚያው። በአማካሪሽ አር01 ላይ ረዳት ሆነሽ ደመወዝ መቀበል ግን ትችያለሽ። ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ያለው የምርምር ሥልጠና) ስትደርሺ ኬ99 የሚባለው የመሸጋገሪያ ግራንት ለውጭ ዜጋም ክፍት ነው። ሰዓቱን ብቻ ተጠንቀቂ፤ ከአራት ዓመት በላይ ፖስትዶክ ከቆየሽ ያልፍሻል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ተቀብለን ዳታችንን ፈረንጅ ቢወስድብንስ?

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ናሙና ሄዶ የአገሬው ሰው ስም ሳይጠራ የታተመበት ጊዜ አለ። ኤንአይኤች ከጥር 2023 ጀምሮ ዳታ እንዴት እንደሚጋራ ዕቅድ ግዴታ አድርጓል። ዕቅዱን የምትጽፉት ግን እናንተ ናችሁ። በሕግ የተከለከለውን፣ ሕመምተኛው ያልፈቀደውን፣ ማን ሲጠይቅ ማን እንደሚፈቅድ እዚያ ላይ ማስፈር ይቻላል። የእኛም ሕጎች አሉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፣ ለዕፅዋትና ለእንስሳት ሀብት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ስማቸው ተጠርቶ ይግባ። አጋራችሁ ተቃወመ ማለት ስለ አጋራችሁ አንድ ነገር አወቃችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ያለን ሶፍትዌርና ዳታቤዝ ለመጠገንስ ገንዘብ ይገኛል?

በጣም የሚያሳዝነኝ እዚህ ላይ ነው። አዲስ ነገር መሥራት ይደገፋል፤ ያለውን መጠበቅ ግን ሁልጊዜ ጭንቅ ነው። ታይር የሚባለው፣ ለምርምር በብዛት የሚያገለግለው የአራቢዶፕሲስ ተክል ዳታቤዝ የሳይንስ ፋውንዴሽኑ ድጋፍ ሲቆምበት ከ2013 በኋላ ከደንበኞች ክፍያ መሰብሰብ ጀመረ። በዓለም ላይ ያለ የዕፅዋት ተመራማሪ ሁሉ የሚያውቀው ዳታቤዝ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛል ስትጽፉ የጥገና ሰው ደመወዝ ከመጀመሪያው አስገቡ። አትፈሩ። “ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይጠብቀዋል?” ብሎ የሚጠይቅ ገምጋሚ አለ፤ ከእነሱ አንዱ እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ግራንት ለእኔ ሕልም አይደለም?

ግራንቱ ይቆይህ። ገንዘቡ አስቀድሞ የወጣበት ነገር አለ፤ እሱን ተጠቀም። የኤንአይኤች የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አካል የሆነው ኤንሲቢአይ በ1988 በሕግ ነው የተቋቋመው። ጂንባንክ የሚባለው የዲኤንኤ መዝገብና ከማንበቢያ ማሽኖች የወጡ ጥሬ የዲኤንኤ ንባቦች እዚያ አሉ፤ አብዛኛውን ማንም ሳይከፍል ያወርዳል። ጋላክሲ የሚባለው በመንግሥት ግራንት የተሠራ መድረክ ደግሞ ትንተናውን በራሱ ሰርቨር ላይ በነፃ ያስኬድልሃል። ከአንተ የሚፈለገው ብራውዘር ብቻ ነው። የንባቡን መለያ ቁጥር ታስገባለህ፣ ዳታው ከመዝገቡ ወደ ጋላክሲ በቀጥታ ይሄዳል፤ በአንተ ኢንተርኔት በኩል አያልፍም።

አንድ ተማሪዬ የመጀመሪያ ሥራውን እንዲህ ነው የሠራው። ማታ ትንተናውን ለቆ ሊያየው ሲል መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑ ጠፋ። “አለቀልኝ” ብሎ ተኛ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ከፈተው፤ ሥራው እዚያ ሰርቨር ላይ ሌሊቱን ሲሄድ አድሮ አልቋል፤ ጋላክሲ ላይ የየሥራውን ደረጃ የሚያሳዩት ሣጥኖች በሙሉ አረንጓዴ ሆነው ጠበቁት። ዛሬ ማታ አንድ የወባ ወይም የጤፍ ናሙና ፈልግና ጀምር። የት ላይ እንደተያዝክ ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።