«ውልዎ አብቅቷል» ተብለው ለተሰናበቱት ጠያቂ፦ ችሎቱ የሚመረምረው ሥራውን ነው

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት አራት ዓመት ሠርተዋል፤ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል። ከሁለት ወር በፊት «የውል ዘመንዎ ስላበቃ» የሚል ደብዳቤ ተሰጠዎት፤ በቃል ደግሞ «ስለሚያረፍዱ ነው» ተባሉ። ወዲያው በቦታዎ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ደመወዝዎ 9,000 ብር ነበር። ብከስ ያዋጣኛል ወይ ነው የሚሉት።

ከሁሉ በፊት ቀን ይቁጠሩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ይርጋ (ለመክሰስ በሕግ የተወሰነው ጊዜ በማለፉ) ይታገዳል። ስለዚህ ወደ ሥራ መመለስ ከፈለጉ የቀረዎት አንድ ወር ብቻ ነው። ጥሩ ክርክር ያለው ሰው የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ለሥራ አስኪያጁ ቅሬታ ይጽፋል፣ «እናየዋለን» ይባላል፣ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፋል። ለአሠሪው ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ሥልጣን ላለው አካል ክስ ወይም አቤቱታ ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው ራሱ መብትዎን በግልጽ ማመኑ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ የሕጉ መነሻ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል የሚል ነው (አንቀጽ 9)። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሠራተኛ መተካት፣ ከወትሮው የተለየ የሥራ መደራረብ፣ ወቅታዊ ሥራ፣ አደጋ ለመከላከል የሚሠራ አስቸኳይ ሥራ እና የመሳሰሉት። ስለዚህ ችሎቱ ወረቀቱ ላይ «ለአንድ ዓመት» መባሉን አይቶ አያቆምም። ሥራው ራሱ ከእነዚህ በአንዱ ይወድቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ግምጃ ቤት ድርጅቱ እስካለ ድረስ ያለ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ መታደሱም ሥራው ዘላቂ መሆኑን ያሳያል እንጂ ጊዜያዊ አያደርገውም። በውልና በውል መካከል ሁለት ሦስት ቀን አስወጥቶ መልሶ መቅጠርም የተለመደ ዘዴ ነው፤ የሥራውን ባሕርይ ግን አይለውጠውም። ከሁሉም የሚጠቅምዎ በቦታዎ ሰው መቀጠሩ ነው። ሥራው ካላለቀ «አብቅቷል» የሚለው ምን እንደሆነ ማስረዳት የአሠሪው ፈንታ ይሆናል።

አሠሪው ይህ እንደማያዋጣው ሲያይ ወደ ማርፈዱ መዞሩ አይቀርም። እዚያም መንገዱ ጠባብ ነው። በማርፈድ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት፣ ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሰጠት ያስፈልጋል። የቃል ቁጣ አይበቃም። ስንብቱም ምክንያቱንና ቀኑን በሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል፤ አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በኋላም 30 የሥራ ቀን ካለፈ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። የእርስዎ ደብዳቤ ስለ ማርፈድ አንዲት ቃል የለበትምና አሠሪው ለክሱ በሚሰጠው መልስ ላይ አዲስ ምክንያት ቢያነሳ ይህንኑ ነጥለው ይቃወሙ። ለስንብቱ ሕጋዊ ምክንያት መኖሩን የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው።

ክሱን ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ያቀርባሉ፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር መያያዝ አለበት፦ ውሎቹ በሙሉ (የመጨረሻው ብቻ አይበቃም)፣ የስንብት ደብዳቤው፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ መግለጫ፣ ለቦታው ማስታወቂያ ወጥቶ ከነበረ ቅጂው፣ የምስክሮች ስም። የመግቢያ ሰዓት መዝገብና ፔይሮል በአሠሪው እጅ ስለሆነ «ፍርድ ቤቱ አዝዞ ያስቀርብልኝ» ብለው እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይጻፉ። በኋላ ማስታወስ ዋጋ ያስከፍላል።

ዳኝነቱን ሲጠይቁ በቅድሚያ ወደ ሥራ መመለስን ከውዝፍ ደመወዝ ጋር፣ በአማራጭ ደግሞ ካሳውን ያስቀምጡ። የሥራ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ፣ ችሎቱ እርስዎ መመለስ ፈልገውም ቢሆን በካሳ ሊያሰናብትዎ ይችላል። ወደ ሥራ ይመለስ ከተባለ ውዝፉ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከስድስት ወር፣ ውሳኔው በይግባኝ ከጸና ከአንድ ዓመት ደመወዝ አይበልጥም።

ካሳውን እንቁጠረው። ስሌቱ የሚሠራው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው፤ ለምሳሌ ያህል 9,000ን በ30 አካፍለን 300 ብር እንያዝ። ካሳ የ180 ቀን፦ 54,000። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር ስለሆነ 18,000። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ማለትም 9,000፣ ለተከታዮቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በድምሩ 18,000። ሁሉም ሲደመር ከግብር በፊት 90,000 ብር ነው። ችሎቱ ግን «ውሉ በእርግጥ ለተወሰነ ጊዜ ነበር፣ ጊዜውም ደርሷል» ካለ ይህ ሁሉ ይወድቃል። ክርክሩን በሙሉ በአንቀጽ 9 እና 10 ላይ ያቁሙ የምለው ለዚህ ነው።

ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ይለወጣል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሥራ ሲቋረጥ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም ነበረበት። ለዘገየው ደግሞ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊፈረድ ስለሚችል ለብቻው ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃም እንዲሁ።

እስከዚያው «ክሊራንስ ጨርሰህ ገንዘብህን ውሰድ» ቢሉዎት፣ «የምጠይቀው ነገር የለም» ወይም «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለበት ሳያነቡ አይፈርሙ። ችሎት ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ሰነድ እሱ ነው። ሌላው መቃወሚያ «የግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበረ የሥራ መሪ ነው፣ አዋጁ አይመለከተውም» የሚለው ሊሆን ይችላል። እዚህም መጠሪያው አይወስንም፤ የሚጣራው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን በእጅዎ ነበር ወይ የሚለው ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በአምስት ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ውሳኔዎቹ በታተሙባቸው ቅጾች ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ስለሚደረግ ውልና ስለ ሥራ መሪ የተሰጡትን ፈልገው የመዝገብ ቁጥራቸውን በክሱ ላይ ይጥቀሱ።

አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል፤ በተግባር ቀጠሮ ይረዝማል። በውሳኔው ካልተስማሙ ይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ ነው።