54ቱን ኮርስ ብስክሌት ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው። እስካሁን የምነዳው ማውንቴን ብስክሌት ነበር፣ አሁን ግን ወደ ኮርስ፣ ቀጭን ጎማ ወዳለው የአስፋልት ብስክሌት፣ መቀየር አማረኝ። አንድ ያገለገለ የብረት ኮርስ አግኝቻለሁ። ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ፍሬሙ (ዋናው አካሉ) ላይ 54 የሚል የልክ ቁጥር አለ፣ የኔ ቁመት 1 ሜትር ከ62 ነው። ሻጩ «ምን ችግር አለው፣ ወንበሩን ዝቅ ማድረግ ነው» አለኝ። ጓደኛዬ ግን ይተልቅብሻል ትላለች። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የጓደኛሽን። ወንበር ዝቅ ይላል፣ ፍሬም ግን አያጥርም። ሻጩ የነገረሽ ስለ እግርሽ ብቻ ነው። ኮርስ ላይ ሰውን የሚያሰቃየው ከወንበሩ እስከ መሪው ያለው ርቀት ነው፣ እሱን ደግሞ ወንበር ዝቅ በማድረግ አታስተካክዪውም።

መጀመሪያ የእግርሽን ርዝመት ለኪ። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሴቶች የእግራቸው ርዝመት በብዙ ሊለያይ ይችላል፣ ስለዚህ 1.62 ብቻውን ብዙ አይናገርም። ጫማሽን አውልቂና ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ፣ ከዚያ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችሽ መሃል አድርገሽ ልክ ወንበር ላይ እንደተቀመጥሽ እስኪሰማሽ ወደ ላይ ጫን አድርገሽ ያዢው። ሌላ ሰው ከመጽሐፉ አናት እስከ ወለሉ ይለካልሽ። ያገኘሽውን በ0.67 አባዢ፣ የፍሬም ልክሽን በሴንቲ ሜትር ታገኛለሽ። ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ግሬግ ሌሞንድ ያስተዋወቃት ስሌት ናት፣ የላይኛው ብረቱ (ከመሪው ወደ ወንበሩ የሚሄደው) አግድም ለተኛ ለድሮ ዓይነት ፍሬም ዛሬም ጥሩ መነሻ ትሆናለች። እግርሽ 76 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 51 ገደማ ይሰጥሻል። 54 አይደለም።

አሁን ያንን ብስክሌት በዓይነ ሕሊናሽ እይው። የፔዳሎቹ መሃል ከመሬት ወደ 27 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ፍሬሙ 54 ከሆነ፣ ማለትም ወንበሩን የሚይዘው ቱቦ ከፔዳሎቹ መሃል ወደ ላይ 54 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የላይኛው ብረት ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። እግርሽ 76 ቢሆንና ጫማሽ ሌላ 2 ቢጨምርልሽ እንኳ መብራት ላይ ወርደሽ ስትቆሚ ብረቱ ላይ ትቀመጫለሽ ማለት ነው። ባጃጅ ድንገት ፊትሽ ቢገባና ዘለሽ መውረድ ቢኖርብሽ በጣም ያምማል፣ ይህን በቀላሉ አትዪው።

ርዝመቱ ደግሞ የባሰ ነው። 54 ፍሬም የላይኛው ብረቱ ርዝመትም ብዙ ጊዜ 54 አካባቢ ነው፣ ላንቺ የሚስማማው 51 ወይም 52 ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ምን ያደርጋል ትዪ ይሆናል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም አይመስልሽም። ከዚያ ክርንሽ ተገትሮ ይቀራል፣ መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ ሁሉ በቀጥታ ትከሻሽ ውስጥ ይገባል፣ አንገትሽ ይይዝሻል፣ ጣቶችሽ ይደነዝዛሉ። ሳይታወቅሽ ወደ መሪው ለመጠጋት ወደ ወንበሩ ጠባብ ጫፍ ትንሸራተቻለሽ፣ ጫፉ ደግሞ ክብደት ሊሸከም የተሠራ አይደለም። ብዙ ሴቶች «ኮርስ ለሴት አይመችም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው፣ ጥፋቱ የነሱ ሰውነት ተደርጎ ይነገራቸዋል እንጂ የፍሬሙ ልክ ነው።

ሻጩ ወንበሩን ወደፊት እንግፋው ካለሽም እሺ አትበዪ። የወንበሩ ቦታ የሚወሰነው ጉልበትሽ ከፔዳሉ ጋር በሚኖረው አቀማመጥ ነው፣ መሪው ስለራቀሽ አይደለም። መሪውን የሚይዘውን ክንድ፣ ማለትም ስቴሙን፣ በአጭር መቀየር ግን ይቻላል። 100 ሚሊ ሜትር የነበረውን ወደ 90 ወይም 80 ማውረድ የተለመደ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ መሪው በትንሽ ንክኪ መዞር ይጀምራል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይህን አትፈልጊውም። ስለዚህ 52 ብታገኚና ትንሽ ቢርቅብሽ በስቴም ልታድኚው ትችያለሽ፣ 54ቱን ግን ተዪው።

ሌላ ብስክሌት ስትፈልጊ ቁጥሩን አትመኚ፣ ሜትር ይዘሽ ሂጂ። የአዳዲሶቹ ፍሬም የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ የአንዱ ፋብሪካ 50 የሌላው 50 አይደለም። ከመሪው ስር ካለው ቱቦ መሃል ጀምረሽ ሜትሩን አግድም ዘርጊ፣ ወንበሩን እስከሚይዘው ቱቦ መሃል ድረስ ለኪ። 51 ወይም 52 ካገኘሽ ቁጭ ብለሽ ሞክሪው። ፍሬኑንም እዚያው ጨብጪ፣ ጣትሽ ሳይንጠራራ መድረስ አለበት። ትንንሽ ፍሬም ላይ ቀስ ብለሽ ስትዞሪ የጫማሽ ጫፍ የፊት ጎማውን ሊነካ ይችላል፣ ያ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጥሽ፣ ግን ከመንገድ በፊት ሜዳ ላይ ልመጂው።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው ያለሁት። ለባለቤቴ ልደት ኮርስ ልገዛላት አስቤ ሱቁ «የሴት» የሚባለውን አሳየኝ። የግድ የሴት መሆን አለበት? ሳትሰማ ባመጣላት ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የግድ አይደለም ወንድሜ። የብስክሌት አምራቹ የጃያንት እህት ብራንድ ሊቭ እስከዛሬ ለሴት ለብቻው ፍሬም ይሠራል፣ ሌላው አምራች ስፔሻላይዝድ ደግሞ የብዙ ነጂዎችን ልኬት አይቶ ለሁለቱም አንድ ፍሬም ወደ መሥራት ሄዷል። ምክንያቱ በሴትና በሴት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በሴትና በወንድ መካከል ካለው ስለሚበልጥ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ተወውና ልኩን እይ። ሳትሰማ የሚለውን ግን እባክህ ተወው። ያለ እሷ ልኬት የሚገዛ ኮርስ ጋራዥ ውስጥ የሚቀር ኮርስ ነው። ይዘሃት ሂድ፣ ትሞክር። ገንዘብ የሚተርፍህ ከሆነ በትከሻዋ ስፋት ልክ መሪ አስገባላት፣ ብዙ ሴቶች 38 ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል፣ ብዙ ብስክሌት ግን 42 ይዞ ይመጣል። ወንበሩንም በመቀመጫ አጥንቷ ስፋት ይለኩላት። ብዙ ሱቆች መለኪያ አላቸው፣ ትቀመጥበታለች፣ ምልክቱ ይቀራል፣ አለቀ።