ፕሌቱ ላይ 250 ቮልት እያለ ድምፁ ለምን ይሰነጠቃል?

አብሽር ወንድሜ፣ ሬዲዮው አልሞተም። ያልከው ይህን ነው፦ የባለ ቲዩብ ሬዲዮህ የድምፅ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ደሴ ፒያሳ ያገኘኸውን አሮጌ ገጠምክለት፤ ስፒከሩን የምትነዳው የመጨረሻዋ ቲዩብ፣ ኢኤል84ቷ፣ ፕሌቷ (ኤሌክትሮን የሚቀበለው ብረቷ) ላይ 250 ቮልት አለ፣ ድምፁ ግን ይሰነጠቃል፣ ትንሽ ሲቆይም ፕሌቱ ይቀላል። እነዚህ ሁለት ብልሽቶች ናቸው፤ ባንድ መድኃኒት አይድኑም።

መጀመሪያ መቅላቱ። 250 ቮልት በ48 ሚሊ አምፔር 12 ዋት ነው፤ ፕሌቱ የሚችለውም ይኸንኑ ብቻ ነው፣ ትርፍ የለውም። ካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚለቀው የቲዩቧ ክፍል) ላይ ያለችውን 135 ኦም ሬዚስታንስ ሬዲዮው በርቶ ጫፍና ጫፏን በቴስተር ለካ። 7 ቮልት ገደማ ከሆነ ደህና ነው፤ 12 ካየህ ወደ 90 ሚሊ አምፔር እየሳበች ነው። ያኔ ግሪዱን (ድምፁ ወደ ቲዩቧ የሚገባበትን 2ኛውን እግር) ከሻሲው፣ ከብረት መደቡ፣ ጋር ለካ፤ ዜሮ መሆን አለበት። አንድ ሁለት ቮልት ፖዘቲቭ ካሳየ አጥፍተህ ቲዩቧን ንቀልና እንደገና አብርተህ ለካ። ቮልቱ ካለ፣ ከፊተኛው ቲዩብ የሚመጣው ካፓሲተር አፍስሷል፣ ማገድ ያለበትን ቮልት ያሳልፋል ማለት ነው (የደሴን ጉም የጠጣ የወረቀት ካፓሲተር ከሆነማ ምን ይገርማል)፤ በዚያው መጠን ባለ 630 ቮልት ቀይረው። ከጠፋ ጥፋቱ የቲዩቧ ነው። ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ሶኬቱን ነቅለህ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስታንስ አራግፍ።

አሁን ትራንስፎርመሩ። በቴስተር የምታነበው የሽቦው ኦም ነው እንጂ ትራንስፎርመር ለፕሌቱ የሚያሳየው የራሱ ኦም የለውም፤ የስፒከሩን ኦም አባዝቶ ለፕሌቱ ያሳያል እንጂ። ኢኤል84 በ250 ቮልት 5,200 ኦም ገደማ ትፈልጋለች። ትራንስፎርመሩን ፍታና ፕራይመሪው (በፕሌቱ በኩል ያለው ጥቅል) ላይ 12 ቮልት ኤሲ ስጠው፣ 220 እንዳትሞክር! ሴኮንደሪውን (በስፒከሩ በኩል ያለውን ጥቅል) ለካ። 0.33 ቮልት ካወጣ 36 ለ1 ነው፤ 36 በ36፣ ሲባዛ በ4 ኦም ስፒከር፣ 5,200 ላይ ይወድቃል። 0.47 ካወጣ ግን 25.5 ለ1 ነው፣ በ4 ኦም 2,600 ብቻ፤ መሰንጠቁ ከዚህ ነው። ታዲያ ትራንስፎርመር ፍለጋ አትዙር፣ 8 ኦም ስፒከር ግጠም፣ ይገጥማል። በቴስተር 8 ኦሙ ከ6 እስከ 7 ነው የሚያነበው፣ አትደናገር።

ኦሙ ልክ ሆኖ ወፍራም ድምፅ ከጠፋ የብረቱን ቅጠሎች እይ። ለአንድ ቲዩብ የተሠራ ሁሉም ባንድ አቅጣጫ ተደርድረው መሃላቸው ወረቀት አለ። እየተፈራረቁ የገቡ ከሆነ 48 ሚሊ አምፔሩ ብረቱን ያጠግበዋል፤ ተጨማሪ ማግኔት መያዝ ያቅተዋል።

ስፒከሩ ተፈቶ ግን እንዳታበራው፤ የፕሌቱ ቮልት ዘሎ የፕራይመሪውን ሽፋን ይበሳል። ስፒከር ከሌለህ 5 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስታንስ እሰርበት።