ጓሳን በእግር ለማየት ላሰባችሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ኅዳር ላይ ከጓደኞችሽና ከ13 ዓመቷ ልጅሽ ጋር መንዝ ጓሳ፣ የመንዝ ሕዝብ በጋራ በሚጠብቀው የደጋ ሣር ሜዳ፣ ሁለት ሌሊት ልታድሩ ነው። አስጎብኚ መያዝ የግድ ነው ወይስ የስልክ ካርታ ይበቃናል፣ ልጄስ ትችለዋለች ወይ ነው ያልሽው። እኔ ከደብረ ብርሃን እየተነሳሁ ከቡድን ጋር ደጋግሜ ስለምሄድበት የማውቀውን ልንገርሽ።

አስጎብኚ ያዙ። ከመንዝ ልጆች መካከል፣ እዚያው ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይሁን። መንገድ እንዳትስቱ ብቻ አይደለም። ጓሳን ለማያውቀው ሰው ሣርና ነፋስ ነው፣ ሌላ ምንም አይታየውም። የአገሩ ሰው ግን ድንገት ይቆምና "እዚያ ጋ፣ ከጅብራዋ በስተግራ" ይልሻል፤ ጅብራ የደጋ ረጅም ተክል ናት። ትኩር ብለሽ ስታዪ ቀይ ቀበሮ ናት። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ያሉትም እኛ አገር ብቻ ነው። በስልክ ካርታ አትገኝም።

ሁለተኛው ነገር፣ ብዙ ለመራመድ አትሂዱ። አንድ የጉዞ አዘጋጅ ብዙ ሰው ሰብስቦ በአንድ ቀን ሜዳውን ዳር እስከ ዳር ሲያስሮጥ አይቻለሁ። ሰዉ ደክሞ፣ እየጮኸ፣ ፎቶ አንስቶ ተመለሰ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው ወደ ገደሉ ወረዱ። በጣም አዝኜ ነው የተመለስኩት። ብዙ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉና ሁለት አስጎብኚ ያዙ።

ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል እየተጠራራ ወደ ሜዳው ይወጣል። በዚያ ሰዓት ገደሉ አፋፍ አካባቢ ከጭላዳዎቹ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ቁጭ ያለን ሰው ቶሎ ይለምዱታል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሣር ዋና ምግቡ የሆነው እሱ ብቻ ነው። በጣቶቹ እየነጨ፣ ቁጭ እንዳለ እየተንፏቀቀ ይበላል። ለልጅሽ ሥራ ስጫት። አንድ ትልቅ ወንድ ትምረጥና ማን ጎፈሩን እንደሚፈትሽለት፣ ማን እንደሚከተለው፣ መቼ የላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን እንደሚያሳይ በደብተር ትጻፍ። አንድ ሰዓት እንዲህ የተከታተለ ልጅ ጭላዳን መቼም አይረሳም።

ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ ቀይ ቀበሮዋ መንጋው መሀል ገብታ ታያላችሁ። ጭላዳዎቹ አይሸሿትም። እሷም ግልገሎቻቸውን ትታ አይጥ ታድናለች። እዚያው ጓሳ በተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቀበሮዋ ብቻዋን ስታድን ከሙከራዋ የሚሳካላት 25 በመቶው ሲሆን ጭላዳ መሀል ስትሆን 67 በመቶ ይደርሳል። ምክንያቱ ምን እንደሚመስለው አስጎብኚያችሁን ጠይቁት። አይጧ በግጦሹ ትረበሻለች የሚል አለ፣ ቀበሮዋን ከጭላዳው አትለያትም የሚልም አለ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ።

ስለ ሣሩም ይንገራችሁ። ጓሳ የሚባለው ራሱ ሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንዞች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጠብቀውታል። አባ ቄራ የሚባል የጥበቃ አለቃ ይመርጡ ነበር፣ ሜዳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉታል፣ ሲደርስ በበጋ ከፍተው አጭደው ክረምት ሲገባ መልሰው ይዘጉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መልሶ ያዘው። ዛሬ የምታዩት ቀበሮም ጭላዳም በዚህ ጥበቃ የቆየ ነው። ስለዚህ የመግቢያውንም የአስጎብኚውንም ክፍያ ሳትከራከሩ፣ እዚያው ለማኅበረሰቡ ክፈሉ።

ልጅሽ ትችላለች። ሜዳው አይከብድም፣ የሚከብደው ከፍታው ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። በደረሳችሁበት ቀን ትንሽ ብቻ ተራመዱ። ውኃ ጠጡ። ራስ ምታት ቀለል ያለ ከሆነ ዕረፍት ይበቃዋል። ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ካመጣባት ግን ነገ ይሻላት ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ዝቅተኛ ቦታ ውረዱ።

ብርዱን አትናቁት። ኅዳር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ባርኔጣ ያስፈልጋል። ወፍራም ካልሲ፣ ጓንት፣ ጋቢ ያዙ። ማረፊያው ቀላል ነው፣ ምግባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቆሎና በሶ እዚያ ላይ የሚተካቸው የለም። የተረፈ ምግብ ለጭላዳ አትወርውሩ። ውሻም አታምጡ፣ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይጨርሳል።

መንገዱ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ፣ ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ይወስዳል። ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ስለ መንገዱ ሰላም እዚያው ላሉ ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ። "ቆዩ" ካሏችሁ ቆዩ፣ ቀብድ ከፍለናል ብላችሁ አትድፈሩ።

ባይኖኩላር ከሌላችሁ ደግሞ አንድ አለኝ። ደብረ ብርሃን ስታልፉ ልስጥሽ፣ ስትመለሱ ትሰጪኛለሽ።