ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ከአንድ ስብሰባ ስወጣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከትላኝ መጣችና «ጋሼ፣ ረግረጉ ቢደርቅ ስንት ቤተሰብ ያርስበት ነበር፤ ለወፍ ብለን ለምን እንተወዋለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። በሃያ አራት ዓመቴ ይህንኑ እያልኩ አንድ ረግረግ ያደረቅሁ ሰው ነኝ።

1978 ዓ.ም ነው። ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ በግልገል ዓባይ ተፋሰስ ወደሚገኝ አንድ ወረዳ የአፈርና ውሃ ባለሙያ ሆኜ ተመደብኩ። በሁለት ኮረብቶች መካከል የተኛ፣ በበጋም የማይጠወልግ ሰፊ ጨፌ ነበር። ሲረግጡት ከእግር በታች ይርገበገባል። የአካባቢው ሰው ለበዓል የሚጎዘጉዘውን ቄጠማ የሚያጭደው ከዚያ ነው። እናቴ ቄጠማ ሳይጎዘጎዝ ቡና አታፈላም ነበር፤ ያ እርጥብ ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም።

የአፈሩን ጥልቀት ለማየት በአካፋ ቆርሼ አወጣሁ። ጥቁርና ቀላል ነበር። በመዳፌ ስጨምቀው ውሃው እስከ ክርኔ ወረደ፤ በእጄ የቀረው የቄጠማ ሥርና ቅጠል ነው፤ መቼ እንደ በቀለ የማይታወቅ፣ ግን ሥሩ ከቅጠሉ የሚለይ። እንዲህ ያለው መሬት ውሃ ስለሞላው አየር አያገኝም፤ አየር ካላገኘ የሞተው ሣር ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ይደራረባል። የሚያድገው በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሜትር ለመሙላት ሺህ ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም።

የጨፌውን ውሃ ለሚያፈሰው ቦይ ችካል ስተክል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ልጄ፣ ውሃው ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ወንዙ ነዋ፣ አባቴ።»

«መሄዱንስ ይሄዳል። በግንቦት ከየት ይመጣል?»

መልስ አልነበረኝም። ሥራው እንዳይጓተት ብዬ ገመዱን ዘረጋሁ።

የመጀመሪያው ዓመት አዝመራ ያማረ ነበር፤ የምስጋና ደብዳቤም ተጻፈልኝ። በሦስተኛው ዓመት ስመለስ ከመሬት እኩል አድርጌ የመታሁት ችካል አንድ ስንዝር ያህል ወጥቶ አገኘሁት። መሬቱ ነበር የወረደው። የደረቀው አፈር አየር ሲያገኝ ይበሰብሳል፣ ይሟሽሻል። በመጋቢት ገለባ ለማጽዳት የተለኮሰ እሳት ወደ ውስጥ ገብቶ ጢሱ ለሳምንታት ከመሬት ሥር ሲወጣ ሰነበተ። በግንቦት ከጨፌው በታች ያለው ምንጭ ነጠፈ፤ ሴቶች እንሥራ አዝለው ኮረብታውን ተሻግረው መቅዳት ጀመሩ።

ወፎቹን ያየሁት በኋላ ነው፤ ማለትም ካጣኋቸው በኋላ። እኛ በደፈናው ሽመላ የምንላቸው ግራጫ፣ አንገተ ረጅም ወፎች ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከሩሲያ ረግረጎች ተነሥተው ክረምታቸውን ሸሽተው ወደ እኛ ይመጣሉ። ቀን ከታጨደ ማሳ የረገፈ እህል ይለቅማሉ፤ ሌሊት ግን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያድሩት፣ አውሬ ሲጠጋቸው ውሃው ይንቦጫረቃልና። በዚያ ኅዳር ማታ እየጮኹ መጡ። በደረቀው ጨፌ ላይ ደጋግመው ዞሩ፣ ዝቅ አሉ፣ እንደገና ተነሡ። ከዚያ ወደ ጣና አቅጣጫ በጨለማ ሄዱ። ያን ድምፅ ሰምቼ ቤቴ ገብቼ እራት መብላት አልቻልኩም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ገበሬውን አትውቀሱ። መሬት የጠበበው ሰው ባዶ የሚመስለውን ቢመኝ ምን ይደረግ? ሆኖም በምንጭ አፍ ላይ ባሕር ዛፍ የሚተክለውን ሳይ እናደዳለሁ፤ ገበሬም ቢሆን እናደዳለሁ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ለማገዶ የመጣ ባለውለታ ነው፤ ቦታው ግን ረግረግ አይደለም።

ስለ እናንተም የታዘብኩትን ልናገር። ወፉን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ምሽት ድረስ ቆሞ የት እንደሚያድር የሚያይ አላየሁም። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ቦታ፣ ሆኖ ሲመዘገብ ብዙዎቻችሁ ሥራው ያለቀ መሰላችሁ። መዝገብ ቦይ አይደፍንም። በየዓመቱ በጥር ወር የውሃ ወፍ ቆጠራ አለ፤ ሂዱና ቁጠሩ፣ በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ቦታ ተመለሱ። አካባቢውን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋር ሳትቀመጡም ችካል አትትከሉ።

የደረቀ ረግረግ ቦዩ ከተደፈነ ውሃ መልሶ ይይዛል። በየተወሰነ ርቀት በእንጨትና በሸክላ አፈር ግድብ ይሠራለታል፤ ከላይኛው ጫፍ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል። የጠፋው አፈር በእኔም በእናንተም ዕድሜ አይመለስም፤ ቄጠማው ግን ቶሎ ይመጣል።

ልጄ፣ አንቺም ጓደኞችሽም በታኅሣሥ መሬቱ ሲጠነክር ኑ። ቦዩ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። የመጀመሪያውን ችካል የተከልኩበትን ቦታ አልረሳሁትም፤ ከዚያ እንጀምራለን።