«የወረቀት ጉዳይ ነው» ላለችሽ ክሊኒክ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ። ዕድሜዬ 42 ነው፤ ለንደን ውስጥ ሆቴል ነው የምሠራው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ውፍረቱ አልለቅ አለኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ሲሆን ክብደቴ 79 ኪሎ ደርሶ ነበር። ሰፈራችን ወዳለ የግል ክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ መዘነኝ፣ ግፊቴን ለካኝና «148 በ94 ነው፤ ስለፈራሽ ነው» ብሎ ፌንተርሚን የሚባል ክብደት መቀነሻ ክኒን ለአራት ሳምንት ሰጠኝ። ክኒኑ ስሜ ብቻ በተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀጠሮ ገንዘቡን ተቀብለው፣ መዝነው ክኒኑን ሰጡኝ እንጂ ግፊቴን አልለኩኝም። እውነቱን ለመናገር 5 ኪሎ ቀንሻለሁ። ግን ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤም ድው ድው ይላል። ቡናው ይሆናል ብዬ ቶናና በረካውን ትቼ አቦሉን ብቻ ነው የምጠጣው። ባለፈው ሳምንት የሥራ ጓደኛዬ ክሊኒኩ በመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ተፈትሾ «መሻሻል ያስፈልገዋል» መባሉን በስልኳ አሳየችኝ። እንግዳ ተቀባይዋን ብጠይቃት «እሱ የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ተስተካክሏል» አለችኝ። ልመናት? አዲስ አበባ ያለችው እህቴም «ለእኔም ላኪልኝ» እያለች ነው።
ከሰሜን ለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ክኒኑን ነገ ጠዋት አትውሰጂው። ግፊትሽ ሳይለካ አንድም እንዳትጨምሪ። 40 ዓመት ለሞላው ሰው እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ፋርማሲዎች በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ በኤንኤችኤስ በኩል የደም ግፊት በነፃ ይለካሉ፤ ቀጠሮ እንኳ ላያስፈልግሽ ይችላል። የምትወስጂውን ክኒን ስም ንገሪያቸው። ከዚያ የተለካውን ይዘሽ ወደ ጂፒሽ፣ ወደ ቤተሰብ ሐኪምሽ፣ ሂጂ። ደረትሽን ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽና ልትወድቂ ከሆነ ግን ጂፒ አትጠብቂ፤ 999 ደውዪ። ቡናውን አትውቀሺው። ፌንተርሚን አነቃቂ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ መንሳት፣ ልብ ማስመታትና ግፊት መጨመር የታወቁ ጉዳቶቹ ናቸው። ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ላልሆነ ሰው፣ ለልብ ሕመምተኛ፣ የእንቅርት ዕጢዋ ከመጠን በላይ ለሚሠራ ሴት የሚሰጥ አይደለም።

አሁን ወደ «ወረቀቱ» ልምጣ። ይህን ቃል እኔም ብዬዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ እንዲህ ባለ ክሊኒክ መድኃኒት አዳይ ነበርኩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ፤ የቡድኑ መሪ እንደ እኔው ፋርማሲስት ነበረች። ኮቷን ሳታወልቅ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ጠየቀችኝ። ፌንተርሚን እዚህ አገር በሕግ ልዩ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ ክኒኑን ቆጥራ ከመዝገቡ ጋር አመሳከረች። ልክ ነበር። ኩራት ተሰማኝ። ቀጥላ የሕመምተኞች ካርድ እንዳወጣ ጠየቀችኝና አሥራ አምስት ያህል አወጣሁላት። የጽሕፈቱን መልክ የምታይ መስሎኝ ነበር። አንዱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቷን አኖረችበት። ሴትየዋ አምስት ጊዜ መጥታለች፤ ግፊቷ የተጻፈው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። «ይህች ሴት ዛሬ ግፊቷ ስንት እንደሆነ እዚህ ቤት የሚያውቅ አለ?» አለች። ዶክተሩ ዝም። ሥራ አስኪያጁም ዝም። ሦስቱን ጊዜ ክኒኑን በእጄ የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ «ወረቀት አልሞላችሁም ብለው ቀጡን» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ሴትየዋ ስትመጣ ግፊቷን ስንለካ 172 በ104 ሆነ። ክኒኑ ቆመ፤ የዚያኑ ዕለት ደብዳቤ ይዛ ወደ ጂፒዋ ሄደች። ያ ባዶ መስመር ወረቀት አልነበረም፤ የሴትዮዋ ልብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፣ ከሰው አፍ ስሰማውም ዝም አልልም።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ነው፤ ሰው ሲኪውሲ ይለዋል። ሥልጣኑ በእንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አላቸው። በሐኪም አመራር ክብደት መቀነሻ መድኃኒት የሚያዝ የግል ክሊኒክ በዚህ መሥሪያ ቤት ሳይመዘገብ ቢሠራ ወንጀል ነው። ሲፈትሹ በአምስት ጥያቄ ነው፦ ደኅንነት አለው ወይ፣ ሕክምናው ይሠራል ወይ፣ ሰውን በርኅራኄ ያስተናግዳል ወይ፣ የሰውን ፍላጎት ይሰማል ወይ፣ በአግባቡ ይመራል ወይ። ውጤቱ ከ«እጅግ በጣም ጥሩ» ይጀምርና «ጥሩ»፣ «መሻሻል ያስፈልገዋል»፣ «ብቁ ያልሆነ» እያለ ይወርዳል። ክሊኒኩ ይህን ውጤት ግድግዳው ላይና ድረ ገጹ ላይ ሰው በሚያየው ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። አንቺ ከክሊኒኩ ሳይሆን ከጓደኛሽ ስልክ ላይ ማየትሽ ራሱ አንድ ነገር ይነግርሻል። ምናልባት ተለጥፎ አላየሽው ይሆናል፤ ስትሄጂ ግድግዳውን እይልኝ።

ዘገባውን አውጪና አንብቢ። ከላይ ያለውን አንድ ቃል አይተሽ አትተይው። መጀመሪያ ፍተሻው የተደረገበትን ቀን እይ። ቀጥሎ «ደኅንነት» የሚለው ክፍል ብቻውን ምን እንደተሰጠው እይ፤ እንግዳ ተቀባይዋ ትሑት በመሆኗ «ርኅራኄ» ላይ «ጥሩ» ያገኘ ክሊኒክ ደኅንነቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ ክሊኒኩ ሊያሻሽል የሚገባውን የሚዘረዝረውን ቦታ ፈልጊ። በእንግሊዝኛው «መስት» የሚል ቃል ካለ ሕግ ተጥሷል ማለት ነው። «ሹድ» ካለ ግን ሕግ አልጣሰም፤ ቢያሻሽል ይሻላል ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ልክ ትሁን አትሁን የምታውቂው በዚህች ልዩነት ነው። አንቀጽ 12 ከተጠቀሰ የሕክምና ደኅንነት ነው፤ 17 ከሆነ የአስተዳደርና የመዝገብ አያያዝ ነው። 17ንም «ወረቀት» ብለሽ እንዳትንቂው፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬሻለሁ። «ተስተካክሏል» ላሉሽም ዳግም ተፈትሸው እንደሆነና አዲሱ ዘገባ የት እንዳለ ጠይቂ። እውነት ከሆነ ለማሳየት አይቸገሩም።

ያንቺን ጉዳይ ደግሞ ያለ ተቆጣጣሪም ማየት ይቻላል። 148 በ94 ክሊኒክ ውስጥ ከፍተኛ ግፊት ከሚጀምርበት ከ140 በ90 በላይ ነው። ፍርሃት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እውነት ነው፤ ፈርታ ነው ብሎ የጠረጠረ ሐኪም ግን አሳርፎ ደግሞ ይለካል እንጂ ግፊት የሚጨምር ክኒን ሰጥቶ አይሸኝም። ከረጢቱም እንዲሁ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ላይ ስምሽ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ አወሳሰዱ፣ የተሰጠበት ቀንና የሰጠው ቤት አድራሻ መጻፍ አለበት። ስምሽ ብቻ ተጽፎ ክኒኑን ልጅሽ ቢውጠው የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ምን እንደዋጠ በምን ያውቃል? ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ክሊኒኮች የሚሰጡት ክኒን የተለመደው የሽያጭ ፈቃድ የሌለው እንደሆነም በፍተሻ ዘገባዎች ደጋግሞ ተጽፏል። ይህን ማዘዝ በራሱ ክልክል አይደለም፤ ግን ፈቃድ እንደሌለው ነግረውሽ፣ ገብቶሽ፣ ተስማምተሽ መሆን አለበት። የብሔራዊው የሕክምና መመሪያ አውጪ ናይስም ፌንተርሚንን ለውፍረት አይመክርም።

ለእነሱም ፍትሕ ላድርግ። ክብደትሽና ቁመትሽ ሲሰላ ቢኤምአይሽ 29.7 ገደማ ነበር፤ ውፍረት ከሚባልበት ከ30 በታች ስለሆነ «ያለ አግባብ ሰጧት» የሚል ይኖራል። ናይስ ግን ለጥቁር አፍሪካውያን፣ ለእስያና ለመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች መለኪያውን ዝቅ አድርጎታል፤ ለእኛ ከ27.5 ጀምሮ ውፍረት ነው፣ ስኳርና የልብ በሽታ በዝቅተኛ ክብደት ስለሚያገኘን። ስለዚህ እርዳታ መፈለግሽ ልክ ነበር፤ ማንም አያሳፍርሽ። ጂፒሽ ጋ ስትሄጂ ይህን ቁጥር ጥቀሺ፤ ሁሉም አያስታውሰውም። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቂ፤ ትልቋን ልጅሽን ይዘሽ እንዳትገቢ። እናቷ ስለ ሰውነቷ የምታፍርበትን ነገር የአሥር ዓመት ልጅ ስትተረጉም አይቻለሁ፤ እናትየዋ ግማሹን ውጣ ቀረች። ክሊኒኩንም ሲፈትሹ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ ብለው ይጠይቃሉ።

ወደ ሲኪውሲም ጻፊ፤ ስምሽን ሳትገልጪ ጭምር ይቀበላሉ። ያንቺን ጉዳይ ለይተው አይዳኙም፣ ገንዘብሽንም አያስመልሱም፤ ለዚያ ቅሬታሽን በጽሑፍ ለክሊኒኩ ነው የምታስገቢው። ያንቺ «ሁለት ጊዜ ግፊቴ አልተለካም» የሚለው ቃል ግን ቀጣዩን ፍተሻ ሊያፋጥነው፣ ተቆጣጣሪዋም ስትመጣ የትኛውን ካርድ እንደምታወጣ ሊነግራት ይችላል። እኛን የፈተሹን ቀን በማን ጥቆማ እንደመጡ አላውቅም፤ ጠቋሚ ከነበረ ግን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ለእህትሽ ክኒኑን አትላኪላት። ላንቺ የታዘዘን ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ለሌላ ሰው ማሳለፍ ወንጀል ነው፤ እሷንስ ግፊቷን ማን ይለካታል? ገንዘብ ላኪላትና እዚያው ሐኪም ትይ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፀጉር ቤት ከተዋወቀቻት ሴት «ማውንጃሮ» የሚባለውን ክብደት መቀነሻ መርፌ እየገዛች ትወጋለች። ሳጥን የለውም፣ ብዕር መሳዩ መርፌ ብቻ ነው። ይህንንስ የሚቆጣጠር አለ? ብናገራት ትቆጣለች።
ከበርሚንግሃም

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን መርፌ የፈተሸው የለም። ክሊኒክ ከሆነ ሲኪውሲ፣ ፋርማሲ ከሆነ የፋርማሲዎች ምክር ቤት ይቆጣጠረዋል፤ የኦንላይን ፋርማሲም ቢሆን ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ደንበኛዋ የሞላችውን ቅጽ ብቻ አምኖ መስጠት አይችልም፣ ክብደቷን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ አለበት። ፀጉር ቤት የሚሸጠው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥን መድኃኒት እንዲህ መሸጥም ወንጀል ነው።

የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤምኤችአርኤ በጥቅምት 2023 ከዚያ ዓመት ጥር ወዲህ ኦዜምፒክ የተባለው ተመሳሳይ መርፌ 369 ሐሰተኛ ሊሆኑ የሚችሉ ብዕሮችን መያዙን ተናግሯል። ሐሰተኛ ብዕር ተወግተው ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል የገቡ ነበሩ፤ ውስጡ ኢንሱሊን ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። ብዕሩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ ቦርሳ ውስጥ ይዙር የሚያውቅ የለም።

አትቆጣት። «ማን ሰጠሽ» ብለህ ከጀመርክ ብዕሩን ትደብቃለች፤ ያኔ አንተም አታውቅም። ስንት ሳምንት ሆናት፣ ስንት ትወጋለች፣ ማስታወክ አለባት ወይ ብለህ ጀምር። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስድ ከሆነ እውነተኛው ማውንጃሮ የክኒኑን ኃይል ሊያዳክም ስለሚችል ሲጀመርና መጠኑ ሲጨምር ለአራት ሳምንት ኮንዶም መጨመር ይመከራል፤ ይህን ፀጉር ቤት ማንም አልነገራትም። የምትጾም ከሆነም ለጂፒዋ ትንገር፤ ምግብ የሚዘጋ መርፌና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት አብረው ድርቀት ያመጣሉ።

ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ግራ ከተጋባች ስኳር ያለበት መጠጥ ስጣትና 999 ደውል። ብዕሩን አትጣሉት፤ በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋችሁ አቅራቢያችሁ ወዳለ ፋርማሲስት ውሰዱትና አሳዩ። ለኤምኤችአርኤ «ቢጫ ካርድ» በሚባለው መንገድ አብራችሁ አመልክቱ፤ ፋርማሲስቱ ቅጹን ሲሞላ ከጎናችሁ እንዲቀመጥ ጠይቁት።